ሁለት ሞተር ያነቀው ውሃ፦ የበረራ 38 ጉዳይ

ነዳጅ አላለቀም። ታንኮቹ ውስጥ 10 ቶን ያህል ነዳጅ ነበር። ሞተሮቹ አልተሰበሩም፤ ወፍም አልገባባቸውም። ፓምፖቹ ይሠራሉ፣ ኮምፒውተሮቹም ትክክለኛውን ትዕዛዝ ይሰጣሉ። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 2008 ከቤጂንግ ተነስቶ ለንደን ሂትሮው ሊያርፍ የነበረው የብሪቲሽ ኤርዌይስ በረራ 38 መንደርደሪያው ጋ መድረስ አቃተው። አስፋልቱ ሊጀምር 330 ሜትር ያህል ሲቀረው ሣር ላይ ዘጭ አለ።

በውስጡ 136 መንገደኞችና 16 የበረራ ሠራተኞች ነበሩ። የሞተ ሰው የለም። አንድ መንገደኛ ክፉኛ ተጎዳ፤ ሌሎች 46 ሰዎች ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው። ቦይንግ 777 እ.ኤ.አ. በ1995 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በአደጋ ከጥቅም ውጭ የሆነ የመጀመሪያው አውሮፕላን ይኸው ነው።

ጥፋተኛው ውሃ ሆኖ ተገኘ። ያውም በስህተት የተቀዳ ወይም ከዝናብ የገባ ውሃ አይደለም። በማንኛውም የጄት ነዳጅ ውስጥ ሁሌም የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ፣ ደንቡም የሚፈቅደው ውሃ ነው። መጠኑ ከሌላው ቀን አልጨመረም። የተለየው ነገር ያ ውሃ በየትኛው የሙቀት መጠን ላይ፣ የት ቦታ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ነው። ያው ውሃ በአንድ ጉዞ ውስጥ ሟሟ፣ ጠብታ ሆነ፣ ደረቅ በረዶ ሆነ፣ የሚጣበቅ በረዶ ሆነ፤ በመጨረሻም ቀልጦ ማስረጃውን ይዞ ጠፋ።

የመጨረሻው ደቂቃ

አውሮፕላኑን ወደ መሬት እያወረዱ የነበሩት ረዳት አብራሪው ጆን ካዋርድ ናቸው። ካፒቴኑ ፒተር በርኪል ናቸው። ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ከመሬት 720 ጫማ ገደማ ላይ አውቶማቲኩ ሥርዓት እንደተለመደው ጉልበት ጨምሩ ብሎ ሞተሮቹን አዘዘ። መጀመሪያ ጨመሩ። ከዚያ የቀኙ ሞተር ትዕዛዙን መከተል ትቶ ጉልበቱ ቀነሰ። ከሰባት ሰከንድ በኋላ የግራውም እንዲሁ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞተሮቹ አልጠፉም። እየሠሩ ናቸው። ነገር ግን አውሮፕላኑን አየር ላይ ለማቆየት የሚበቃ ጉልበት አልነበራቸውም። አብራሪዎቹ እጀታውን ወደፊት ቢገፉም ለውጥ የለም።

ካፒቴኑ በዚያች አጭር ጊዜ ያደረጉት አንድ ነገር በኋላ ብዙ ተወርቶለታል። የክንፉን ፍላፕ ከ30 ወደ 25 መለሱት። ፍላፕ አውሮፕላኑን በዝግታም ቢሆን አንሳፍፎ ይይዛል፣ በዚያው ልክ ግን አየሩን እየተጋፈጠ ይጎትተዋል። መጎተቱን ትንሽ መቀነሳቸው በመርማሪዎቹ ስሌት 50 ሜትር ያህል ርቀት ጨመረላቸው። ብዙ አይመስልም። ግን መንደርደሪያው ጫፍ ላይ የቆመውን የማረፊያ ምልክት አንቴና ለማለፍ ያችው 50 ሜትር ታስፈልግ ነበር።

ሲያርፍ የቀኙ ጎማ ተነቅሎ ወጣ፣ የግራው ወደ ክንፉ ገባ፣ የአፍንጫው ታጠፈ። ከ6 ቶን በላይ ነዳጅ ሣሩ ላይ ፈሰሰ። እሳት አልተነሳም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ወዲያው ወሬ በረከተ። በዕለቱ የወቅቱ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ወደ ቻይና ለመብረር እዚያው ሂትሮው አካባቢ ነበሩ። አጀባቸው የያዘው የሬዲዮ ማፈኛ ሞተሮቹን አወካቸው የሚል መላ ምት በየቦታው ተሰማ። ለወሬ የሚመች ነበር፤ ለምርመራው ግን አልጠቀመም።

ምን ተገኘ፣ ምን አልተገኘም

የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች ሲፈቱት ሲገጥሙት ብዙ ጤነኛ ዕቃ አገኙ። ከመረጃ መቅጃው እንደታየው ኮምፒውተሮቹ የነዳጁን ቫልቭ እስከ ጥግ ከፍተውታል። ይኸውም ሞተሩ ነዳጅ ጠይቋል፣ በሩ ተከፍቷል፣ ነዳጁ ግን አልመጣም ማለት ነው። አንድ ቦታ ታፍኗል።

አንድ ምልክት ብቻ ቀረ። በሁለቱም ሞተሮች ከፍተኛ ግፊት የሚሰጡት የነዳጅ ፓምፖች ውስጥ ብረቱ ላይ አዲስ የመቦርቦር ጠባሳ ነበር። ፓምፕ የሚስበው ፈሳሽ ሲያጥረው መግቢያው ላይ ግፊቱ ይወርዳል። ግፊቱ ሲወርድ ፈሳሹ ሙቀት ሳይጨመርበት አረፋ ያወጣል። አረፋዎቹ ግፊት ሲያገኛቸው መልሰው ይፈነዱና ብረቱን ይቦረቡሩታል። ስለዚህ ፓምፖቹ ነዳጅ ተርበው ነበር። ያፈናቸው ነገር ከፓምፑ በፊት ነው።

ግን ያ ነገር የት ሄደ? ቱቦው ውስጥ የተረሳ ጨርቅ የለም። ቆሻሻ ቢገኝም መንገድ የሚዘጋ አይደለም። ማጣሪያው አልተዘጋም። መርማሪዎቹ ቀስ በቀስ ወደ በረዶ ያዘነበሉት ሌላው ሁሉ ሲወድቅ ነው። በረዶ መንገድ ዘግቶ፣ አደጋ አድርሶ፣ ከዚያ ውሃ ሆኖ የሚጠፋ ብቸኛው ተጠርጣሪ ነው። የወደቀ አውሮፕላን ለንደን መሬት ላይ ሰዓታት ሲቆይ ነዳጁ ይሞቃል፣ በረዶውም ይቀልጣል። የሚቀረው ጥቂት ጠብታ ውሃ ነው፤ ጥቂት ጠብታ ደግሞ በየትኛውም ታንክ ውስጥ ይገኛል።

ነዳጅ ውስጥ ውሃ ምን ይሠራል?

ነዳጅና ውሃ አይዋደዱም ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ነዳጅ በጣም ጥቂት ውሃ ያሟሟል። ምን ያህል እንደሚያሟሟ የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ሞቅ ያለ ነዳጅ ብዙ ይይዛል፣ የቀዘቀዘ ነዳጅ ጥቂት ይይዛል። ስለዚህ ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፣ ምርመራ ያለፈ ነዳጅ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ሲገባ ሟሙቶ የነበረውን ውሃ ይተፋዋል።

በቤጂንግ የተቀዳው ነዳጅ ከ71 ቶን በላይ ነበር። መርማሪዎቹ እንደገመቱት በዚያ ሁሉ ነዳጅ ውስጥ የሟሟው ውሃ ቢበዛ 3 ሊትር ነው። ሳይሟሟ ተንጠልጥሎ የቆየው ደግሞ ቢበዛ 2 ሊትር። በጠቅላላው 5 ሊትር። በ71 ቶን ውስጥ 5 ሊትር ማለት በሚሊዮን ክፍል 70 ያህል መሆኑ ነው። ደንቡ ለእንዲህ ያለ መጠን ቦታ ሰጥቷል፤ አውሮፕላኖችም በየቀኑ ይዘውት ይበራሉ።

ከነዳጁ የተለየ ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ታች። የጄት ነዳጅ አንድ ሊትሩ 0.8 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፣ ውሃ 1 ኪሎ። ስለዚህ ውሃው ከታንኩ ሥር ይተኛል። የሚያስገርመው ሲቀዘቅዝም እዚያው መቅረቱ ነው። በረዶ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ውሃ ሲረጋ ወደ 9 በመቶ ስለሚሰፋ ነው፤ አንድ ሊትሩ 0.917 ኪሎ ይሆናል። በሐይቅ ላይ ይህ ባሕርይ ዓሣዎችን ያድናል። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ ሐይቁ ከላይ ይረጋል፣ ከሥር ፈሳሽ ይቀራል። ነዳጅ ውስጥ ግን 0.917 አሁንም ከነዳጁ ይከብዳል። በረዶው አይንሳፈፍም፤ ከነዳጁ ጋር ወደሚሳብበት ወደ ታች ይሄዳል።

ደግሞ ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ ሁሉም በአንዴ አይረጋም። ጠብታው በጣም ትንሽ ከሆነና የሚጀምርበት ቅንጣት ካላገኘ ከዜሮ በታች ብዙ ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ፍጹም ንጹሕ ጥቃቅን ጠብታ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ሊዘገይ ይችላል። ነዳጅ ውስጥ ያለው ውሃ እንዲያ ንጹሕ ስላልሆነ ቀደም ብሎ ይረጋል። ቢሆንም ፈሳሽ ጠብታና የበረዶ ቅንጣት አብረው የሚጓዙበት ጊዜ አለ።

የቀዘቀዘው መንገድ

በዚያ ዕለት በሞንጎሊያ፣ በሳይቤሪያና በስካንዲኔቪያ ሰማይ ላይ የነበረው አየር እጅግ ቀዝቃዛ ነበር። ውጭው ከዜሮ በታች ከ65 እስከ 74 ዲግሪ ይደርስ ነበር። አብራሪዎቹ ይህን ያውቁ ነበር፣ ይከታተሉም ነበር። ስጋታቸው ግን ነዳጁ ራሱ እንዳይረጋ ነው። የዚያ ነዳጅ መርጊያ ከዜሮ በታች 57 ዲግሪ እንደነበር በኋላ ተለክቷል። በጉዞው ሁሉ የታንኩ ነዳጅ የወረደው እስከ ከዜሮ በታች 34 ዲግሪ ድረስ ብቻ ነው። ሰፊ ልዩነት አለ። በመመሪያው መሠረት የሚያሰጋ ነገር አልነበረም፤ ዝቅ ብሎ መብረርም አላስፈለገም።

ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለው በነዳጁ መርጊያ ላይ ነበር። የውሃውን ጉዳይ የሚያነሳ አልነበረም፤ ምክንያቱም ውሃው ከዜሮ በታች እንደሚረጋ የታወቀ ነው፣ አውሮፕላኑም ለዚያ ተሠርቷል። ሞተሩ ላይ የነዳጅና የዘይት ሙቀት መለዋወጫ አለ። የሞተሩ ትኩስ ዘይት በአንድ በኩል ያልፋል፣ ቀዝቃዛው ነዳጅ በሌላ በኩል። ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ነዳጁ ይሞቃል፣ ቅንጣት በረዶ ቢመጣም እዚያው ይቀልጣል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። ይህ ዘዴ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በረዶን ለማቅለጥ የተሠራው ዕቃ እንዴት በበረዶ ታፈነ?

የሚጣበቅበት ክልል

መልሱ የበረዶ ባሕርይ ራሱ እንደ ሙቀቱ መለዋወጡ ላይ ነው። በረዶ ስንል አንድ ነገር የምናወራ ይመስለናል። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ያለ በረዶና ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ ግን አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም።

ከዜሮ ብዙ ሳይርቅ የበረዶ ገጽ ሙሉ በሙሉ ጠጣር አይደለም። ላዩ ላይ እንደ ፈሳሽ የሚንቀሳቀስ እጅግ ስስ ሽፋን አለ። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1850 ሁለት የበረዶ ቁራጮች ሲነካኩ ለምን እንደሚጣበቁ ሲያስረዳ ያነሳው ይህን ሐሳብ ነው። ሽፋኑ ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። በጣም ሲቀዘቅዝ በረዶው ደረቅ ቅንጣት ይሆንና ከቱቦ ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ይነጥራል እንጂ አይያዝም።

በነዳጅ ቱቦዎች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ይህን በቁጥር አስቀመጡት። ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ክልል በረዶው የሚጣበቅ ነው። መርማሪዎቹ ተጣባቂ ክልል ብለው የጠሩት ይህን ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ከነዳጁ ጋር እየፈሰሰ ያልፋል፤ ሙቀት መለዋወጫው ጋ በጥቂት በጥቂቱ ይደርስና ይቀልጣል።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ እንመለስ። የታንኩ ነዳጅ ከዜሮ በታች 34 ዲግሪ ነበር ብለናል። ይህ ከተጣባቂው ክልል ውጭ ነው። ታንኩ ራሱ ደህና ነው ማለት ነው። ነገር ግን ነዳጁ ከክንፍ ወደ ሞተር ሲሄድ ሞተሩን በያዘው ምሰሶ ውስጥ ያልፋል። ምሰሶው ከሞተሩ ሙቀት ያገኛል። እዚያ ያለው የቱቦ ግድግዳ ከታንኩ ይልቅ ሞቅ ይላል። ሞቅ ይላል ስል ከዜሮ በታች ነው፤ ግን በትክክል ተጣባቂው ክልል ውስጥ የሚገባ ሞቅታ ነው። ደረቅ ሆኖ የመጣው በረዶ እዚያ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ግድግዳውን ይይዛል። ሌላው መጥቶ በላዩ ይለጠፋል።

እኔን በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነጥብ ነው። አደጋው የተጠነሰሰው አውሮፕላኑ ከሁሉ በቀዘቀዘበት ቦታ ላይ አልነበረም። ትንሽ በሞቀበት ቦታ ላይ ነው። ቧንቧው ሁሉ ከዜሮ በታች 34 ዲግሪ ላይ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ምንም ባልሆነ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ጊዜና ፍሰት ነው። በረራው አሥር ሰዓት ተኩል ያህል ፈጅቷል። አውሮፕላኑ ከፍታ ሲጨምርም በዝግታ ነበር፤ ብዙ ጉልበት አልጠየቀም። በዚያ ሁሉ ጊዜ የአንዱ ሞተር የነዳጅ ፍሰት በሰዓት 4,000 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ከመነሻው በኋላ ከፍ ያለ ፍሰት አልመጣም። ኃይለኛ ፍሰት ቢኖር ኖሮ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በየጊዜው ገና ትንሽ ሳለ ያጥበው ነበር። በዝግታ ሲፈስ ግን በረዶው ማንም ሳይነካው ለሰዓታት ተጠራቀመ።

ሲፈታ

አውሮፕላኑ ወደ ለንደን ሲወርድ ሁኔታው ተለወጠ። የታንኩ ነዳጅ ወደ ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ከፍ አለ። የውጭው አየር ሞቀ፣ የምሰሶው ውስጥም ሞቀ። የአየሩ መናጥ አለ። አውቶማቲኩ ሥርዓትም ጉልበቱን መጨመር መቀነስ ጀመረ። መጨረሻ ላይ ፍሰቱ በሰዓት ከ5,400 ኪሎ በላይ እንዲሆን ጠየቀ። ከመነሻው በኋላ በጉዞው ሁሉ ያልነበረ ፍሰት ነው። ለሰዓታት የተለጠፈው ለስላሳ በረዶ በአንዴ ተላቀቀና ወደ ሙቀት መለዋወጫው ተወረወረ።

መለዋወጫው ፊት ለፊት ሲታይ ነዳጅ የሚገባባቸው ከ1,000 በላይ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። በዚያን ጊዜ የነበረው ሥሪት የቱቦዎቹ አፍ ከሳህኑ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ያለ ነበር። ለስላሳ በረዶ እዚያ ሲደርስ በቱቦዎቹ አፍና በመካከላቸው ባለው ክፍተት ላይ ተከመረ፤ ማጥለያ ላይ እንደሚቀር የሻይ ቅጠል። ነዳጁ በቀረው ቀዳዳ ብቻ ያልፋል። ስለዚህ ሞተሩ አልጠፋም፤ የሚበቃውን ግን አላገኘም።

ለዚህ ስንት ውሃ ያስፈልጋል? በሙከራው የተገኘው መልስ አስደንጋጭ ነው። ባንድ ጊዜ ተሰብስቦ ከመጣ 25 ሚሊ ሊትር ውሃ መንገዱን ለማጥበብ ይበቃል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። በታንኩ ውስጥ ካለው 5 ሊትር ጋር ሲተያይ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሆንም።

ለምን አላቀለጠውም?

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት እንሥራ። 25 ግራም በረዶ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አለ እንበል። ወደ ዜሮ ለማድረስ 1 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይበቃዋል፤ በረዶ ለመሞቅ ከፈሳሽ ውሃ ግማሽ ያህል ሙቀት ብቻ ነው የሚፈልገው። ዜሮ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ለማቅለጥ ብቻ 8 ኪሎ ጁል ተኩል ያህል ይፈልጋል። ውሃ ከጠጣር ወደ ፈሳሽ ሲለወጥ ለአንድ ኪሎ 334 ኪሎ ጁል ይውጣል፤ ያን ሁሉ ሲውጥ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። ድብቅ ሙቀት የሚባለው ይህ ነው። በጠቅላላው ከ10 ኪሎ ጁል በታች ነው። ለጄት ሞተር ምንም አይደለም።

ችግሩ በረዶው አይደለም፣ ነዳጁ ነው። በሰዓት 5,400 ኪሎ ማለት በሰከንድ 1 ኪሎ ተኩል ነዳጅ ነው። ያን ነዳጅ በ20 ዲግሪ ለማሞቅ ብቻ በየሰከንዱ 60 ኪሎ ጁል ያህል ይሄዳል። ቀዝቃዛው ነዳጅ በበረዶው አጠገብ እየሮጠ የዘይቱን ሙቀት ይዞበት ይሄዳል። የመለዋወጫው መግቢያ ፊት ደግሞ ከሁሉ የቀዘቀዘው ቦታ ነው፤ ሙቀቱ ያለው ወደ ውስጥ ነው። በረዶው የሚቀልጥበት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሙቀት አጣ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለአብራሪ በጣም እንግዳ ነው። ሞተር ጉልበት ሲያጣ እጅ ወደፊት ይሄዳል፤ ማንም ሰው ቢሆን ጋዝ ይሰጣል። እዚህ ግን ብዙ ነዳጅ መጠየቅ ማለት ብዙ ቅዝቃዜ መጥራት ነው። በሙከራው እንደታየው ፍሰቱ ወደ ዝቅተኛው ሲቀነስ ትኩሱ ዘይት ያይላል፣ በረዶውም ሁልጊዜ ይቀልጣል። መድኃኒቱ ጉልበት መቀነስ ነበር። በ720 ጫማ ላይ ግን ይህን ማንም አያውቅም፤ ቢያውቅም ጊዜ አልነበረውም። በዚህ አብራሪዎቹን መውቀስ አይቻልም። መርማሪዎቹም አልወቀሱም።

በቤተ ሙከራ ውስጥ

በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ለማረጋገጥ ግን ዓመታት ፈጀ። ቦይንግ የአውሮፕላኑን የነዳጅ መስመር በቤተ ሙከራ ውስጥ ገጣጥሞ ቀዝቃዛ ነዳጅ አሳለፈበት። ሙከራው አስቸጋሪ ነበር። ጥቂት ውሃ በእኩል መጠን ነዳጅ ውስጥ መጨመር ራሱ ሥራ ነው። ሙቀቱ አንድ፣ ጊዜው አንድ፣ ውሃው አንድ ሆኖ ሳለ የሚከማቸው በረዶ በየጊዜው ይለያይ ነበር። ውሃ ሲረጋ የት እንደሚጀምር ዕድል ይወስነዋልና ይህ ብዙ አያስደንቅም። መርማሪን ግን ያበሳጫል።

ሌላው ሥራ የበረራ መረጃ መቆፈር ነው። የብዙ ሺህ በረራዎች መዝገብ ተገልብጦ ታየ። ከበረራ 38 የከፋ ቅዝቃዜ ያዩ በረራዎች ነበሩ፤ ምንም አልሆኑም። ረጅም ጊዜ በዝቅተኛ ፍሰት የበረሩም ነበሩ። ማረፊያ ላይ ብዙ ጉልበት የጠየቁም ሞልተዋል። ለየብቻቸው ሲታዩ ሦስቱም ተራ ነገር ናቸው። በጉዞ ላይ ዝቅተኛ ፍሰት፣ በማረፊያ ላይ ከፍተኛ ፍሰት፣ በዚያው ሰዓት ቀዝቃዛ ነዳጅ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን እጅግ ብርቅ ሆኖ ተገኘ። ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየውም ለዚህ ይመስለኛል።

ምርመራው ገና ሳያልቅ ተፈጥሮ ራሷ ሙከራውን ደገመችው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 2008 ከሻንጋይ ወደ አትላንታ ይበር የነበረ የዴልታ አየር መንገድ 777፣ ሞንታና ግዛት ላይ ሳለ የአንድ ሞተሩ ጉልበት ወረደ። የሞተሩ ዓይነት ከበረራ 38 ጋር አንድ ነው፦ የሮልስ ሮይስ ትሬንት 800 ቤተሰብ። ይህኛው ግን ከፍታ ላይ ነበር፣ ጊዜም ነበረው። ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ የወጣውን መመሪያ ተከትለው አብራሪዎቹ ዝቅ አሉ፣ ጉልበቱን ቀነሱ፣ ሞተሩም ተመለሰ። አትላንታም በሰላም ደረሱ። በረዶው የቀለጠው አየር ላይ ነው፤ መረጃ መቅጃው ግን ሂደቱን መዝግቦታል። መርማሪዎቹ ያጡት ይህን ነበር።

ምን ተደረገ?

የመጀመሪያው እርምጃ መመሪያ ነው። ረጅም ቀዝቃዛ በረራ ያደረጉ አውሮፕላኖች ከመውረዳቸው በፊት ሞተሩን ለጥቂት ሰከንዶች በከፍተኛ ጉልበት እንዲያሠሩ ተነገራቸው። የተለጠፈው ነገር ካለ ገና ትንሽ ሳለ፣ ከፍታም ሳለ ይታጠባል። ጉልበት ከጠፋ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ቀንሶ መጠበቅ። ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ግን ሁሉም በአብራሪው ትከሻ ላይ ወደቀ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በማርች 2009 መለዋወጫው ራሱ እንዲቀየር አስቸኳይ ምክር ያቀረበው በዚህ ምክንያት ነው።

ሮልስ ሮይስ የለወጠው ነገር ሲታይ ትንሽ ነው። ወጣ ያሉት የቱቦ አፎች ከሳህኑ ጋር እኩል እንዲሆኑ ተደረገ። በረዶው የሚከመርበት ክፍተት ጠፋ፤ የመጣውም ወደ ሞቃቱ ክፍል ቀርቦ ይቀልጣል። አዲሱ ሥሪት በአሮጌው ቦታ እንዲተካ ግዴታ ሆነ።

ሌላ መንገድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 አንድ ቢ-52 ቦምብ ጣይ በነዳጅ ውስጥ በተፈጠረ በረዶ ከወደቀ በኋላ የአሜሪካ ጦር ነዳጁ ላይ በረዶ የሚከላከል ኬሚካል መጨመር ጀምሯል። ኬሚካሉ ወደ ውሃው ይገባና የሚረጋበትን ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል። የሲቪል አየር መንገዶች በአብዛኛው አይጠቀሙበትም፤ ትልልቅ አውሮፕላኖች ነዳጁን በማሞቅ ይተማመናሉ። የበረራ 38 ጉዳይ ያ መተማመን ቀዳዳ እንዳለው አሳየ።

ቀዳዳው በፈተናው ላይም ነበር። አውሮፕላንና ሞተር ፈቃድ ሲያገኙ ነዳጃቸው ውስጥ ውሃ ተጨምሮ ይሞከራሉ። ሙከራው የሚያስበው በረዶ በእኩል መጠን፣ ሳያቋርጥ፣ ከነዳጁ ጋር ሲመጣ ነው። ለሰዓታት አንድ ቦታ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ የሚላቀቅ በረዶ አልታሰበም። ሁለቱም የውሃው መጠን አንድ ሊሆን ይችላል፤ ውጤታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2010 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት መለዋወጫው ሕጉን ያሟላ እንደነበር፣ ሕጉ ግን ይህን አደጋ እንዳላወቀው በግልጽ አስቀምጧል። በጠቅላላው 18 የደህንነት ምክሮች ቀረቡ። ከነዚያ ውስጥ የተወሰኑት በረዶ በነዳጅ ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠርና እንደሚላቀቅ ገና እንዲጠና የሚጠይቁ ናቸው።

በሪፖርቱ ውስጥ አንድ ጥንቃቄ ደስ ይለኛል። ስለ ቀኙ ሞተር ሲናገሩ መርማሪዎቹ እርግጠኛ ናቸው፤ የታፈነው መለዋወጫው ላይ ነው። ስለ ግራው ግን የተቀዳው መረጃ አልበቃቸውም። ስለዚህ መለዋወጫው ላይ ሳይሆን አይቀርም ብለው ብቻ ጻፉ። በሰባት ሰከንድ ልዩነት ሌላ ዓይነት እገዳ ይፈጠራል ማለት እጅግ የማይመስል ነገር ነው ሲሉም አከሉ። ከዚያ በላይ አልሄዱም።